የንግድ ድረ ገጻችን ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርዕሰ ጉዳይ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን እናት በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥበት፣ አባት የጨርቅ ሱቅ የሚያስተዳድርበት፣ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሮ ለቤተሰቡ ድረ ገጽ የሚሠራበት ዘመን ላይ በመሆናችን ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ስለሆነም ትልቁም ትንሹም አብራችሁን ብትቆዩ መልካም ነው እንላለን።

ነገሩን በአንዲት እኅታችን ገጠመኝ እንጀምር። ይህች እኅታችን ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ባልትና እያዘጋጀች በመሸጥ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ረመዳን ሲደርስም ለሾርባ የሚሆን የተሸረከተ ገብስ ታዘጋጃለች። ሙያዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክርላታል። ከረመዳን ሦስት ወር ቀደም ብሎ ከአንድ ዘመዷ ያለ ወለድ ተበደረችና ሁለት ኩንታል የማረቆ በርበሬ ገዛች። ከዚያው ብድር ላይ ቀንሳም ድረ ገጽ አሠራች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። የሰፈሩ ሰው ብቻውን ሁለት ኩንታል አይጨርስላትም። በሌላ ሰፈር የሚኖሩ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ላሉ እናቶቻቸው የረመዳን አስቤዛ ለመግዛት የሚፈልጉ ልጆች እንዲያገኟት ፈለገች።

ድረ ገጹ ተሠርቶ አለቀ። መልኩም ያምራል። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ሰው ገብቶ እንደሚያየው የጎብኚዎች ቆጣሪው ያሳያል። የሚያዝ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ የሚደውሉትም ቢሆኑ "ዋጋው ስንት ነው? የት ናችሁ? ቤት ድረስ ታመጣላችሁ ወይ?" እያሉ ይጠይቃሉ፤ ከዚያም "እሺ፣ እደውላለሁ" ብለው ይዘጋሉ። በርበሬው ማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጧል። ብድሩም የሚመለስበት ጊዜ እየቀረበ ነው። እኅታችን ተጨንቃ ወደ እኛ መጣችና "ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? እስቲ እዩልኝ" አለችን።

እኛም በእጅ ስልካችን ከፈትነውና ማንበብ ጀመርን። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "ድርጅታችን ዘመን የማይሽረውን የአገራችንን ባህላዊ የምግብ አዘገጃጀት ጥበብ ከዘመናዊ የአመራረት ሥርዓት ጋር በማቀናጀት ለውድ ደንበኞቹ የላቀ ጥራት ያላቸውን ምርቶች በማቅረብ ረገድ ግንባር ቀደም የመሆን ራዕይ ሰንቆ በመነሣት ከፍተኛ እንቅስቃሴ በማድረግ ላይ የሚገኝ ተቋም ነው።"

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ "በርበሬ" የሚለውን ሰማችሁ? እኛም አላገኘነውም። ማን እንደጻፈው ስንጠይቃት "ድረ ገጹን የሠራው ልጅ የሌሎችን ድርጅቶች አይቶ ነው የጻፈው። እኔም ሳነበው ትልቅ ድርጅት የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ" አለችን። እኛም "ለመሆኑ ደጅሽ ድረስ መጥቶ በርበሬ አለሽ ወይ የሚልሽን ሰው እንዲህ ብለሽ ነው የምትመልሽለት?" አልናት። ሳቀችና "እንዲህ ብለውማ አእምሮዋ ተነካ ብሎ ይሄዳል" አለች።

የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ከዚህች መልስ ውስጥ ይገኛል። ድረ ገጽ ማለት እኛ በሌለንበት ቦታ፣ እኛ በተኛንበት ሰዓት ቆሞ ደንበኛን የሚያነጋግር ሻጭ ነው። በሱቅ ውስጥ የቆመ ሻጭ ደንበኛው ካልገባው ፊቱን አይቶ አነጋገሩን ይለውጣል። ጽሑፍ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በመሆኑም ደንበኛው ሊጠይቅ የሚችለውን አስቀድሞ አስቦ፣ ደንበኛው በሚናገርበት ቋንቋ መልሶ መቆየት ይኖርበታል። ይህን ካላደረገ ሰውዬው ያለ ክርክር ይወጣል። ለምን እንደወጣም አይነግረንም።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆን ሞርክስና ጃኮብ ኒልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት ስለሚገኙ የቱሪስት መስህቦች የሚናገር አንድ ድረ ገጽ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አዘጋጅተው 51 ሰዎች እንዲጠቀሙበት አደረጉ። የመጀመሪያው በማስታወቂያ ቋንቋ፣ ማለትም በውዳሴና በፉከራ የተጻፈ ነበር። ሁለተኛው ቃላቱ በግማሽ ያህል የተቀነሱለት ነው። ሦስተኛው በዓይን በቀላሉ እንዲቃኝ ተደርጎ የተደረደረ ሲሆን፣ አራተኛው ፉከራው ወጥቶ ፍሬ ነገሩ ብቻ የቀረበት ነው። አምስተኛው ሦስቱን ማሻሻያዎች አንድ ላይ የያዘ ነበር። በለኩት የአመቺነት መመዘኛ መሠረት ያጠረው ጽሑፍ ከፉከራው በ58 በመቶ፣ ለዓይን የተደረደረው በ47 በመቶ፣ ፉከራው የወጣለት በ27 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሦስቱንም ያጣመረው ደግሞ በ124 በመቶ በለጠ። ልብ በሉ! መረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው አጻጻፉ ብቻ ነው።

ኒልሰን በዚያው ዓመት ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ከተፈተኑት ሰዎች መካከል 79 በመቶ ያህሉ አዲስ ገጽ ሲከፍቱ በዓይናቸው ቃኝተው እንደሚያልፉ፣ ቃል በቃል የሚያነቡት ግን 16 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ይህ እንግዲህ ዛሬ ሁላችንም የያዝናቸው የእጅ ስልኮች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ዛሬ ደንበኛችን ታክሲ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ መያዣውን ጨብጦ፣ በሌላው እጁ ስልኩን ይዞ ነው የሚያነበን። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚስማማው መገመት አያስቸግርም።

ወደ እኅታችን እንመለስ። አብረናት ተቀመጥንና "ሰው ደጅሽ ሲመጣ በመጀመሪያ ምን ይጠይቅሻል?" አልናት። እሷ ስትናገር እኛ ጻፍን። "ምን ምን አለሽ? በርበሬው የየት ነው? ምን ገብቶበታል? ዋጋው ስንት ነው? ስንት ስንት ኪሎ ትሸጫለሽ? ታመጪልኛለሽ ወይ? መቼ?" ከእነዚህ ጥያቄዎች ውጭ ብዙ የሚጠይቅ የለም። መልሶቹንም በራሷ አነጋገር ጻፍናቸው። አዲሱ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህን መሰለ፦

"በቤት ውስጥ የተዘጋጀ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ። በርበሬያችን የማረቆ ነው። ቀንጥሰን፣ ለቅመን፣ በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ፣ በጥቁር አዝሙድና በጨው እናዘጋጀዋለን። ሌላ ምንም አንጨምርበትም። በግማሽ ኪሎ፣ በአንድ ኪሎና በአምስት ኪሎ አሽገን እንሸጣለን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤትዎ ድረስ እናመጣለን።"

ከሥሩ የየአንዳንዱ ዋጋ በአጭር ሠንጠረዥ ተቀመጠ፤ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ። "ይኸው ነው? ይህማ እኔ ሁልጊዜ የምናገረው አይደለም እንዴ?" አለችን። አዎን፣ ይኸው ነው! ድሮም ሰው የሚገዛት በዚሁ አነጋገሯ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ የተማርናቸውን ለእናንተም ይጠቅማሉ ብለን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ፍሬ ነገሩ ይቅደም። ብዙዎቻችን ስንጽፍ በመግቢያ፣ በምስጋናና በታሪክ እንጀምራለን። ደንበኛው ግን የመጣው ከጥያቄ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒልሰን የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትሎ ባቀረበው ጥናት አንባቢዎች የገጹን የላይኛውን መስመሮች ወደ ጎን፣ ከዚያም የግራውን ዳር ወደ ታች እየቃኙ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ገጾች ላይ ቢሆንም አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ በመሆኑ ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። ዋናው ቃል ከርዕሱና ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ። "ስለ በርበሬያችን ዋጋ ጥቂት ማብራሪያ" ከማለት ይልቅ "የበርበሬ ዋጋ" ማለቱ ይበቃል። ድርጅቱ መቼ ተመሠረተ፣ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው አይጻፍ ማለታችን አይደለም። ይጻፍ፤ ነገር ግን ከታች ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር። ይህ ምክር በየትኛውም ቋንቋ የሚሰጥ ቢሆንም በአማርኛ ግን ይበልጥ ይጠብቃል። ለምን ቢባል፣ የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ሁሉንም ነገር በጭንቅላቱ ተሸክሞ "ታዲያ ምን ሆነ?" እያለ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። በዚያ በመጀመሪያው የእኅታችን አንቀጽ ውስጥ "ተቋም ነው" የሚለው እስኪመጣ ድረስ ስንት ነገር እንደተሸከምን አስታውሱ። በተለይ "በማድረግ"፣ "በማቅረብ"፣ "በመነሣት" እያልን ስንቀጥል ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ ያጣል። "የማቅረብ ሥራ በማከናወን ላይ እንገኛለን" ማለት "እናቀርባለን" ማለት ነው። "የማድረስ አገልግሎት እንሰጣለን" ማለትም "እናደርሳለን" ነው። አራት ነጥብን አንፍራ!

ሦስተኛ፣ ሰው የማይናገረውን ቃል እንተው። ዛሬ ብዙ ድረ ገጽ ከእንግሊዝኛ በማሽን እየተተረጎመ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ "ወደ ጋሪ ጨምር" የሚል ቁልፍ እናያለን። እናታችን ይህን ስታይ የምታስበው ፈረስ ወይም አህያ የሚጎትተውን ጋሪ ነው። "ይህን ልግዛ" ቢባል ማን ይስታል? "አስገባ" ከሚለውም ይልቅ "ትእዛዝዎን ይላኩ" ይሻላል። አንባቢያችን ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ ስለማናውቅም "እርስዎ" እያልን ብንጽፍ አክብሮቱም ይጠበቃል፣ ፆታ መለየቱም አያስቸግረንም።

አራተኛ፣ ዓይን እንዳይደክም እንጠንቀቅ። በእኅታችን ድረ ገጽ ላይ የዋጋው ዝርዝር በአረንጓዴ መደብ ላይ በወርቃማ ቀለም፣ ያውም በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነበር። ለጌጥ ያምራል፤ አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጾች ተደራሽነት መመሪያ በተራ መጠን የተጻፈ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይመክራል። በቀላል አነጋገር ነጭ ላይ ጥቁር ቢሆን አይቆጨንም። የእኛ ፊደል ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ትንሿ ቅጥያ ከጎን ወይም ከእግር በመሆኗ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲደቅ ይህች ልዩነት ትጠፋለች። መነጽር የሚያደርጉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከደንበኞቻችን መካከል እንደሆኑ አንርሳ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ የአማርኛ ጽሑፍ በየኮምፒውተሩ በተለያየ የፊደል ፕሮግራም ይጻፍ ስለነበር፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ብሎ ይታይ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በዚያ ዘመን ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ መፍትሔ ነበር። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ መጥቷል። ዛሬ በስልኮቻችን ላይ አማርኛ ያለ ችግር ይነበባል። ይህ ሆኖ ሳለ አሁንም የዋጋ ዝርዝርን ፎቶ አድርገው የሚለጥፉ ብዙ ናቸው። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል፤ ስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይቻልም። ማየት የተሳናቸው ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት ድምፅ አንባቢ ፕሮግራምም ብዙውን ጊዜ አያነብላቸውም። ፎቶው ለበርበሬው ይሁን፤ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ።

አምስተኛ፣ ደንበኛ በሚፈልግበት አጻጻፍ እንገኝ። ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ሆሄ ስላለው አንዱ "ሐላል" ብሎ ሲፈልግ ሌላው "ሀላል" ወይም "ሃላል" ይላል። "ሥጋ" እና "ስጋ"፣ "ዓሣ" እና "አሳ" እንዲሁ ናቸው። በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዘን፣ በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ የለመደውን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ብንጠቅስ አይጎዳንም። በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን በላቲን ፊደል እንደሚፈልጉም አስበን የዕቃውን ስም በዚያም ብንጽፍላቸው ያገኙናል።

ስድስተኛ፣ ሰዓት፣ ስልክና አድራሻ የማያሻሙ ይሁኑ። የእኅታችን ድረ ገጽ "ከ2 እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነን" ይል ነበር። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግልጽ ነው። ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ለመግዛት ለሚፈልግ ልጅ ግን ግራ ያጋባል፤ እሱ በሚኖርበት አቆጣጠር የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት 8 ሰዓት ነውና። ስለዚህ "በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12፤ በውጭው አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 6። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ለጁሙዓ እንዘጋለን" ተብሎ ተጻፈ። ስልኩም ከ09 ከመጀመር ይልቅ የአገሩን መለያ 251 ይዞ፣ ዜሮው ወጥቶ ተቀመጠ። "በመሃል ከተማ ምቹ በሆነ ሥፍራ እንገኛለን" የሚለው ተሰርዞም ሰው ታክሲ ረዳቱን የሚጠይቅበት የሰፈር ስም፣ ከየትኛው መስጊድና ከየትኛው ፋርማሲ ቀጥሎ እንደሆነ ገባ።

ሰባተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ይህን ሁሉ አስተካክለን ስንጨርስ አንድ ነገር አየን። የማድረሻ ክፍያው በድረ ገጹ የመጨረሻ ጥግ፣ ማንም ወርዶ በማያይበት ቦታ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። "ይህንስ ለምን ደበቅሽው?" ስንላት "አልደበቅኩትም፤ ተጽፏል እኮ! ግን ከላይ ካደረግሁት ሰው ይሸሻል ብዬ ፈራሁ" አለች። ዝም አልን። እሷም ትንሽ ቆየችና "እንዴ፣ ይህ እንደዚያ እንደ እርጥቡ እህል ሆነ ማለት ነው?" አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ገብቷችኋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙትና፣ ባለቤቱን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት በሐዲስ የታወቀ ነው። እኅታችን ለማታለል አስባ አልነበረም። ነገር ግን የማይነበብ ጽሑፍና የተደበቀ ጽሑፍ ለደንበኛው ልዩነት የላቸውም። ሰውዬው በርበሬውን አዝዞ፣ ልጁ ደጁ ላይ ደርሶ ተጨማሪ ክፍያ ሲጠይቀው የሚሰማው ስሜት ከሥር እርጥብ እህል ያገኘ ሰው ስሜት ነው። ክፍያውን ቢከፍልም ሁለተኛ አይመለስም።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ገበያ መሳቢያ ብቻ ሳይሆን የገዢውን መብት መጠበቅም ነው።

በመሆኑም የማድረሻ ክፍያው ከዋጋው ሠንጠረዥ ጋር ጎን ለጎን ወጣ። ከአምስት ኪሎ በላይ ለሚያዝ ያለ ክፍያ እንደምታደርስም ጨመረችበት። "በዓይነቱ ልዩ፣ ተወዳዳሪ የሌለው" የሚለው ጠፋ። በምትኩም "ወደ ውጭ አገር በራሳችን አንልክም፤ ለሚጓዝ ዘመድዎ ግን አሽገን እናስረክባለን" የሚል ገባ። የማንችለውን ስንናገር እንችላለን ያልነውም ይታመናል። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚል ወሬ በየጊዜው በሚሰማበት ገበያ፣ "ንጹሕ ነው" ብሎ ከመማል ይልቅ የገባበትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ "ሲዘጋጅ መጥተው ማየት ይችላሉ" ማለት ይበልጣል። ዋጋ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከሠንጠረዡ ሥር ዋጋው የተጻፈበት ቀን እንዲቀመጥ ተደረገ። ያረጀ ዋጋ ትቶ መቀመጥም ደንበኛን ማሳሳት ነውና።

በመጨረሻም ያደረግነውን ፈተና እንንገራችሁ፤ ማንም ቤት ሊሠራ ይችላልና። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ አምስት ሰዎችን ብቻ መፈተን አብዛኛውን ችግር እንደሚያወጣ ተከራክሯል። እኛም አምስት ጎረቤቶችን ጠራን። ከመካከላቸው አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ስልኩን ሰጠናቸውና "እማማ፣ የሁለት ኪሎ ሽሮ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያግኙልን" አልናቸው። ከዚያም አፋችንን ዘጋን። ከባዱ ነገር ይህ ዝምታ ነው፤ "እዚያ ጋ ነው፣ ወደ ታች ያውርዱት" ማለት ያምራልና። ነገር ግን ደንበኛው ብቻውን ሲሆን ከጎኑ ቆመን አንነግረውም። እማማ የበርበሬውን ዋጋ ወዲያው አገኙ፤ ሽሮው ላይ ግን ቆሙ። ለካስ እኛ "የጥራጥሬ ውጤቶች" በሚል ርዕስ ሥር ከተነዋል! "ሽሮ ሽሮ አይባልም እንዴ ልጆቼ?" አሉን። አፈርን። እኛው ራሳችን የነቀፍነውን ጥፋት ደግመነው ነበር። ያን ዕለት ርዕሱ "ሽሮ" ተብሎ ተስተካከለ።

አዲሱ ጽሑፍ ከወጣ በኋላስ ምን ሆነ? ተአምር ሆነ አንላችሁም። ሲሳይ ከአላህ ነው፤ ረመዳንም ተቃርቦ ነበር፤ ያ ሁሉ ሽያጭ በጽሑፍ ብቻ መጣ ብለን አንናገርም። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ተለወጠ። ቀድሞ የሚደውሉት "ስንት ነው? የት ናችሁ?" ይሉ ነበር። አሁን የሚደውሉት "ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ ለሐሙስ ይምጣልኝ" ይላሉ። ጥያቄያቸውን ድረ ገጹ መልሶላቸው ነው የሚደውሉት። ሪያድ የሚኖር አንድ ወጣትም ለእናቱ አዝዞ፣ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ እንዲደርስላቸው ጠይቋል። እኅታችን የተበደረችውን ገንዘብ ረመዳን ሳይወጣ መለሰች፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ድረ ገጽ ያላችሁ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ስልካችሁን አውጡና የራሳችሁን ጽሑፍ ለቤተሰቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ልጆች ከሳቁ ቃሉ የእናንተ አይደለም። እናት "ታዲያ ዋጋው ስንት ነው?" ብላ ከጠየቀች ዋናው ነገር ከላይ አልተቀመጠም። ልታሠሩ የምታስቡም ለሠሪው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደንበኞቻችሁ በየዕለቱ የሚጠይቋችሁን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፉና መልሱን በራሳችሁ አንደበት አዘጋጁ። እናንተም ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ ድረ ገጽ ስትሠሩ ከሌላ ድርጅት የተቀዳ ፉከራ ከምታስገቡ እናታችሁ ደንበኛ ስታነጋግር ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ።

አላህ በምንሸጠውም በምንጽፈውም ላይ በረካ ያድርግልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ!